የድህነት ማረጋገጫ ፍለጋ ወደ አምጃ ሜዳ

ወደ ደብረ ታቦር እንድሄድ የተመረጥኩት አገሩን ስለማውቅ አይደለም። በምርጫው ቀን ጉልበቴን ልታከም ሐኪም ቤት ስለነበርኩ ነው። በእኛ ማኅበር ሥራ የሚሰጠው ላልተገኘ ሰው ነው።

ማኅበሩን ያቋቋምነው አዳማ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ያስተማርን ጡረተኞች ነን። አቅም ያጠራቸው የገበሬ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ግብርና እንዲያጠኑ በመጓጓዣ፣ በልብስና በደብተር እንደግፋለን። ለምን ግብርና ብቻ እንደሆነ ስንጠየቅ የምንሰጠው መልስ ረጅምና ያማረ ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን የአብዛኞቻችን ልጆች አካውንቲንግ ተምረው ቤት መቀመጣቸው ነው።

ጸሐፊያችን አቶ ግርማ ዕድሜውን ሙሉ ኢንሹራንስ ውስጥ ስለሠራ በዓይን ያልታየ ነገር አያምንም። አራት ገጽ ቅጽ አዘጋጅቷል። የቤቱ ጣሪያ ከምን ተሠራ? ስንት በሬ አለ? ስንት ላም? መሬቱ ምን ያህል ነው? ቤተሰቡ በጎረቤት ዘንድ ምን ስም አለው? የአመልካቿ ጠባይ እንዴት ነው? ከሁለት በሬ በላይ ያለው ቤተሰብ አይታገዝም። ቅጹንም የሚሞላው ሰው እዚያው ሄዶ፣ ቤቱ ገብቶ፣ በዓይኑ ቆጥሮ ነው። የዘንድሮዋ አመልካች ማስተዋል የምትባል፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ካለች አምጃ ሜዳ ከምትባል ጎጥ ያመለከተች ልጅ ነበረች። እኔ ሮማን፣ የስድሳ አራት ዓመቷ የባዮሎጂ መምህርት፣ ቅጹን ይዤ ተነሣሁ። ይህን የምጽፈው ለማኅበራችን አባላት ነው። የአብዛኞቻችሁ ጉልበት ከእኔ ስለሚብስ ወደዚያ የምትሄዱ አይመስለኝም።

ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ ከአዳማ ወጣሁ። ከቦሌ ባሕር ዳር ያለው በረራ ከአዳማ ቦሌ ከመጣሁበት መንገድ ያጠረ ነበር። ባሕር ዳር መናኸሪያ የሚኒባሱን ረዳት፣ “መንገዱ ሰላም ነው?” ብዬ ጠየቅኩት። “ዛሬ ሰላም ነው” አለኝ። ስለ ነገ እኔም አልጠየቅኩት፣ እሱም አልነገረኝም።

አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ጉልበቴን ሳሽ አዩኝ። “ልጄ፣ ወንዛዬ ይግቡ እንጂ! ፍል ውኃው ሦስት ቀን ቢዘፈዘፉበት እንደ ጥጃ ያዘልልዎታል” አሉኝ። እኔም ለጨዋታ ያህል እኛም አገር ሶደሬ የሚባል ፍል ውኃ አለ አልኩ። ይሻላል አላልኩም፤ አለ ነው ያልኩት። ሚኒባሱ ግን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ሶደሬ የሀብታም መዋኛ እንጂ ጠበል አይደለም ይላል፤ ሌላው ግማሽ ውኃ ውኃ ነው ይላል። ሁለት ወገን ሆነው ሲከራከሩ የወንዛዬ መገንጠያ ሐሙሲት ደረስን። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ፣ “ወንዛዬ የሚሄዱት እናት ይውረዱ!” አለ። ረዳቱ ሻንጣዬን ከጣሪያ አውርዶ መንገድ ዳር አቆመው። የምሄደው ደብረ ታቦር መሆኑን ለማስረዳት የወሰደብኝ ጊዜ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ያስተምራል። ሻንጣው ተመልሶ ሲወጣም እናቲቱ፣ “እንግዲህ ጉልበቱ የእርስዎ ነው” ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ከሐሙሲት እስከ ወረታ ያለው ሜዳ ሩዝ ብቻ ነው። የወንጂን ሸንኮራ አገዳ አጭር አድርጋችሁ አስቡት። ዓለም በርን አልፈን ዳገቱ ሲጀምር ጆሮዬ ተደፈነ፤ ከዚያ አፍንጫዬ ቀዘቀዘ። ደብረ ታቦር ስንደርስ ገና አሥር ሰዓት ነበር። አዳማ በዚያ ሰዓት ሰው ጥላ ሲፈልግ እዚህ ፀሐይ እየተከተለ ይቀመጣል።

ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት ወይዘሮ አዛለች ስስ ሹራቤን አይተው፣ “እርስዎ የቆላ ሰው ነዎት” አሉኝ፤ በሽታ የነገሩኝ ያህል አዘኑ። ገብተው የባለቤታቸውን ካፖርት አመጡልኝ። ጥቁር፣ ከባድ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚደርስ ካፖርት ነው። “እሱ ጋቢ ይበቃዋል” አሉ። ባልየው በር ላይ ቆሞ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ፤ የተጠየቀ ግን አይመስለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካፖርቱን ለብሼ፣ ከዘራዬን ይዤ ሄድኩ። ከሩቅ ሲያዩኝ ምን እንደምመስል ያኔ አላሰብኩበትም።

አርብ

የማስተዋል እኅት ብርቄ ጠዋት መጣች። ሰላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ናት። ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርታ ተመልሳ ከመናኸሪያው አጠገብ ሳሙናና የሞባይል ካርድ ትሸጣለች። የማኅበራችንን ማስታወቂያ በስልኳ ያየችውም፣ ማመልከቻውን የሞላችውም እሷ ናት።

ቅጹ ከቀበሌ የድህነት ማረጋገጫ ደብዳቤ ይጠይቃል። የአምጃ ሜዳ ቀበሌ ሊቀ መንበር ደግሞ ለስብሰባ ከተማ ገብተዋል፤ ማህተሙ ኪሳቸው ውስጥ ነው። አዳራሹ በር ላይ ቆመን ጥበቃውን ስብሰባው ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅነው። “ስለ ስብሰባ መብዛት ነው” አለን። ትናንት ማለቅ ነበረበት አሉ።

ምሳ ሽሮና ድንች በላን። አዳማ ድንች የወጥ ማባዣ ነው፤ እዚህ ባለቤቱ ራሱ ነው። ብርቄ እየበላች፣ “እትዬ ሮማን፣ እኔ በሄድኩበት ዓመትም ሰው ቤታችን መጥቶ ነበር” አለችኝ።

“ማን?”

“ደላላ። እሱ ስለ በሬ አልጠየቀም። ዕድሜዬን ብቻ ጠየቀ፤ ስነግረው አምስት ዓመት ጨምሮ ጻፈው።” ከዚያ ድንቹን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና፣ “ይብሉ፣ እንዳይበርድ” ብላ ወሬውን ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላም ስብሰባው አላለቀም። ብርቄ ሊቀ መንበሩን አድፍጣ እንድትይዝ፣ እኔም ነገ ቀድሜ እንድሄድ ተስማማን። አባቷ መንገድ ድረስ እንዲቀበሉኝ ደወለችላቸው። አጠገቧ ስለነበርኩ ቃል በቃል ሰምቻለሁ።

“አባባ! ነገ ከናዝሬት ትልቅ ሰው ይመጣሉ! ማስተዋልን ሊያዩ ነው! ስለ ቤቱም ስለ ከብቱም ይጠይቁዎታል፤ ምንም አይደብቁ፣ ሁሉን ያሳዩዋቸው!”

መስመሩ ተቋረጠ። “ስለ ትምህርቱ ነግረሻቸዋል?” አልኳት።

“ከወር በፊት ነግሬያቸዋለሁ። ገብቷቸዋል” አለችኝ።

ቅዳሜ

ባጃጁ ከኮረኮንቹ መጨረሻ አወረደኝ። አቶ ሞላ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጅጌው ጣታቸውን የሸፈነ አዲስ ኮት የለበሱ ሰው ናቸው። በእጃቸው ቀይ መርገፍ የተንጠለጠለባት፣ ኮርቻዋ ያማረ በቅሎ ይዘዋል። ካፖርቴንና ከዘራዬን ከላይ እስከ ታች አይተው ወገባቸው እስኪቆለመም እጅ ነሡ።

“አንቱ ራስዎ መጡ!” አሉ። “ሰው ይልካሉ ብለን ነበር እኮ።”

“እኔው ነኝ የተላክሁት” አልኳቸው። ይህንም ትሕትና አድርገው ወሰዱት።

በቅሎ ላይ ወጥቼ አላውቅም። በቅሎዋ የጎጡ ቄስ፣ የቄስ ባዬ ናት፤ ይህን ያወቅኩት የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም ነው። ብንስባት፣ ብንገፋት እንቢ አለች። “ካልተሳለሙ አትሄድም” አሉ አቶ ሞላ። “ቄሱ ሁልጊዜ ስለሚወርዱ ለምዳለች።” በታመመ ጉልበቴ ወርጄ ተሳለምኩ፤ በቅሎዋም ጉዞዋን ቀጠለች። በመንገዱ ሦስት ቤተ ክርስቲያን አለ። ሦስተኛው ላይ ሳልወርድ ከላይ ሆኜ ለመሳለም ሞከርኩ። ዞራ አየችኝ። ወረድኩ።

አምጃ ሜዳ ስንደርስ ከቤቱ ፊት ሃያ ያህል ሰው ተሰልፏል። አጠገባቸው አምስት በሬ ታስሯል።

“ይቁጠሩ፣ አይፈሩ” አሉ አቶ ሞላ ደረታቸውን ነፍተው።

ቆጠርኩ። አምስት ነው። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት የማይታገዝ ቤት ለማየት ነው። በሬዎቹ ግን እርስ በርስ አይተያዩም ነበር። ቀዩና ጥቁሩ ይባስ ብለው ቀንድ ለቀንድ ገጠሙና ሁለት ጎረቤቶች ገብተው ገላገሏቸው። የአንድ ቤት ከብት እንዲህ አይጣላም ብዬ አሰብኩ፤ ሆኖም ቅጹ ስንት እንደሆኑ እንጂ ይተዋወቁ እንደሆነ አይጠይቅም። “አምስት” ብዬ ጻፍኩ።

ቤቱ ውስጥ ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ተነጥፏል። ከፕላስቲክ ወንበሮቹ ጀርባ ላይ “የሰንበት ትምህርት ቤት” የሚል ጽሑፍ አለ። መደቡ ላይ ደግሞ ትልቅ ቴሌቪዥን ተቀምጧል። መብራት መቼ እንደገባ ብጠይቅ፣ “ገና ነው፤ ምሰሶው ግን በዚህ እንደሚያልፍ ነግረውናል” አሉኝ። እናትየዋ ወይዘሮ ጥሩዬ ስመው አስቀመጡኝ። በግ እንደታረደ ከሽታው አወቅኩ።

“የቤተሰብ ብዛት?” አልኩ ብዕሬን አዘጋጅቼ።

አቶ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከአባታቸው ጀመሩ። ወደ አያት፣ ወደ ቅድመ አያት ሄዱ፤ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። ከዚያ የባለቤታቸውን ወገን ያዙ። “በአጥንት ነቀፌታ የለብንም፤ ማንንም ይጠይቁ” ብለው ጨረሱ። ለዚህ ሁሉ ቅጹ ላይ የተሰጠኝ ቦታ የአውራ ጣት ያህል ነበር።

“የልጅቷ ጠባይስ?”

“ድምፅዋ አይሰማም!”

ማስተዋል ጥግ ቆማለች። ነጭ ቀሚስ አልብሰዋታል፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። ምን መማር እንደምትፈልግ ስጠይቃት አባቷ ቀደሟት። “ያልተማረችው የለም! ጠላው፣ ፈትሉ፣ አጨዳው፤ ሁሉን ትችላለች።” ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች።

“እንግዲህ ተራው የእኛ ነው” አሉ አቶ ሞላ። “ልጅዎ ዕድሜው ስንት ነው?”

ስለ ልጄ መጠየቃቸው ደግነት መስሎኝ፣ “አርባ ሊሞላው ነው” አልኩ።

“አርባ” አሉ አቶ ሞላ ቀስ ብለው። “እርሻ አለው?”

“የለውም። ጋራዥ ነው ያለው።”

“ጋራዥም ጥሩ ነው” አለ አንድ ጎረቤት፣ ለማጽናናት።

“እስከዚህ ድረስ ሳያገባ ምን አቆየው?”

“አግብቷል እንጂ! ሁለት ልጆች አሉት።”

ወይዘሮ ጥሩዬ እጅ ላይ የነበረው ብርጭቆ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ብዙ ምንጣፍ ስለነበር አልተሰበረም።

“ሚስቱ... ሞተችበት?”

“እግዚአብሔር ይጠብቃት! ደህና ናት። ሻንጣዬን ያዘጋጀችልኝ እሷ ናት፤ ሄደሽ እይልን ብላ የሸኘችኝም እሷው ናት።”

አቶ ሞላ ተነሡ። “እሜቴ፣ እንግዳ ነዎት፣ ክብር አለዎት። ግን እኔ ሞላ ልጄን በሰው ትዳር ላይ...”

ያኔ ነው ማስተዋል በሳቅ የፈነዳችው። ሆዷን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። “አባባ! እኒህ እኮ ለትምህርቱ ነው የመጡት! ብርቄ የነገረችዎት፣ የግብርናው ትምህርት!”

ነገሩ ቀስ በቀስ ተፈታ። ከእብናት መንገድ ካለ አንድ ባለጸጋ ገበሬ ቤት ለማስተዋል ሽማግሌ እንደሚላክ በአማላጅ ተነግሯቸው ኖሯል። ቀኑ “በዚህ ሰሞን” ነው የተባለው። በዚህ መሐል ትልቅ ሰው ልጅቷን ሊያይ፣ ከብቱን ሊጠይቅ ይመጣል ተብሎ ተደወለ፤ “ከናዝሬት” የሚለው በስልኩ አልተሰማም፤ ትልቁም ሰው ካፖርት ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ፣ በሬ ቆጥሮ ገባ። የአቶ ግርማን ቅጽ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። እውነትም አንድ ጥያቄ እንኳ ሚስት ለሚፈልግ ሰው የማይሆን የለበትም።

“ታዲያ አምስቱ በሬ?” አልኩ።

አቶ ሞላ እየፈሩ ቆጠሩልኝ። ቀዩ የቄስ ባዬ ነው፤ ጥቁሩ የጎረቤት፤ ሁለቱ የአጎታቸው፤ ዳልቻው ብቻ የእሳቸው። ኮቱ የአማቻቸው። ቴሌቪዥኑ ከተማ ከሚሠራ የጎጡ ልጅ በሰው ሸክም የመጣ። “በጉም የራሳችን ነበር” አሉ።

“በግ የሚለው ላይ ምን ልጻፍ?”

“አንድ ነበር። አሁን የለም።”

በላነው። እንዲህ የጣፈጠ በግ አዳማ አልበላሁም። የበላሁት ግን አንገቴን ደፍቼ ነው።

እሁድ

የተኛሁት ከአራት ቤት በተዋሱት ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ይህን ያወቅኩት ጠዋት ባለቤቶቹ አንድ በአንድ ሲመጡ ነው። “እንዴት አደሩ? ይቅርታ፣ የላይኛው የእኛ ነው” ይላሉ። የመጨረሻው ሲወሰድ ካፖርቱ ብቻ ቀረኝ። ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል፤ እኔ እንዲህ ያለ ነጭ ሣር የማውቀው ከሥዕል ነው።

ጎረቤቶቹ ግን በዚያ አላቆሙም። ሴትየዋ የመጣችው ድህነት ፍለጋ መሆኑ በጎጡ ተሰምቷል። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ፣ ለመርዳት ብለው የቤቱን የራሱን ዕቃ ማውጣት ጀመሩ። ማሰሮው ሄደ፣ አጎዛው ሄደ፣ የመደቡ ልብስ ተገፈፈ፤ የአቶ ሞላ አንድዬ ዳልቻ በሬ ወደ ጎረቤት በረት ተነዳ። “ይበቃል፣ የራሳቸውን መልሱላቸው!” ብዬ ብለምን አንዲት ሴት እጄን ይዛ፣ “ዝም ይበሉ መምህርት፣ ልጅቷ ትማር” አለችኝና መጥረጊያውን ይዛ ወጣች።

በዚህ መሐል ብርቄ እያለከለከች ደረሰች። ሊቀ መንበሩን ቁርስ ቤት አግኝታ ደብዳቤውን አጽፋ ማህተም አስመትታለች። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ተማሪት ማስተዋል ሞላ አባትና እናቷን በሞት ያጣች መሆኗን ቀበሌው ያረጋግጣል ይላል።

“እኔ ሞቻለሁ?” አሉ አቶ ሞላ።

“እኔስ?” አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ።

“እርስዎም” አልኩ።

ብርቄ ግንባሯን መታች። ሊቀ መንበሩ ቸኩለው ነበር፤ “ይጠቅማታል ካልሽ ላጠንክርልሽ” ብለዋት ኖሯል። ወይዘሮ ጥሩዬ ጥቂት አሰቡና፣ “ከበጉ በፊት ነው የሞትነው ወይስ በኋላ?” ብለው ጠየቁ። ይሄኔ ደጅ፣ “ቤቶች!” የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። እውነተኞቹ አማላጆች ናቸው። የልጁ አጎት አቶ ጌጡ ከፊት ናቸው። እንደ ወጉ ተቀመጡ እስኪባሉ ይቆማሉ፤ ተቀመጡ ሲባሉ ግን የሚቀመጡበት አልነበረም፤ ወንበሮቹ ሰንበት ትምህርት ቤት ተመልሰዋል። አቶ ጌጡ ባዶውን ቤት፣ ባዶውን መደብ፣ ባዶውን ማጀት ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ወንድሜ ሞላ፣ ምነው? ቤት ተቃጥሎባችሁ ነበር?” አሉ።

መደቡ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ እኔም ከዳር ቅጼን ይዤ ነበርኩ። ሽማግሌው የመጡበትን ተናገሩ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ቤቱ ሙሉ ነው፣ ስምንት በሬ ያርሳል። ቀጠሉና፣ “ትናንት በዚህ ያለፈ ሰው ከደጃችሁ አምስት በሬ አየሁ ብሎናል። እውነት ነው?” ሲሉ ጠየቁ።

አቶ ሞላ ወደ ሽማግሌዎቹ አዩ። ወደ እኔ ብዕር አዩ። አምስት ቢሉ ትምህርቱ ይቀራል፤ አንድ ቢሉ በሽማግሌ ፊት ውርደት ነው። 

“አንድ በሬ ነው ያለኝ” አሉ በመጨረሻ። “ዳልቻ ነው። ከቄስ ባዬ ቀይ በሬ ጋር አቀናጅቼ ነው የማርሰው፤ እሳቸው ሰኞ፣ እኔ ማክሰኞ። ሌሎቹ የሰው ናቸው። ቤቱም አልተቃጠለም። ትናንት ሀብታም ነበርሁ፣ ዛሬ ጠዋት ደሃ አደረጉኝ፣ አሁን ደግሞ በወረቀት ሞቻለሁ። እኔ ግን በመሐል ነኝ፤ አለሁ።” ዞር አሉና፣ “ማስተዋል፣ ነይ። አንቺው ተናገሪ” አሉ።

ልጅቷ ወጣች። “መማር ነው የምፈልግ” አለች።

“ምን ልትማሪ?” አሉ አቶ ጌጡ።

“ግብርና።”

ሦስቱም ሳቁ። “ልጄ፣ ለዚህማ እኛ ዘንድ ነይ! ስምንት በሬ አለ፤ ከነጋ እስኪመሽ ግብርና ነው!”

“ዓምና ድንቻችሁ ጠውልጎ አልነበረም?” አለቻቸው።

“ነበረ።”

“በምን?”

“በእግዜር ቁጣ ነዋ።”

“የእኛም ጠወለገ። የቄስ ባዬም ጠወለገ። እግዜር ቄሱን በምን ተቆጣቸው?”

አንደኛው ሽማግሌ፣ “እውነቷን ነው፤ የቄሱ ነው የባሰው” ብሎ አጉረመረመ። ከዚያ አቶ ጌጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። ማን እንደሆንኩ፣ ወረቀቱ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው። ጺማቸውን አሹ።

“ይሄ ነገር... ለወንድም ይሆናል?”

“አቅም ለሌለው ይሆናል። እርስዎ ግን ስምንት በሬ አለን ብለዋል።”

“ስምንት ማለት እንኳ...” አሉ ወደ መደቡ ጫፍ እየተጠጉ። “ሦስቱ የእኔ ናቸው። ሁለቱ አርጅተዋል። አንዱን እንደው በሬ ልበለው? ቆዳ ነው። ላሞቹም ቢሆኑ...”

“ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው?”

“ስምንት ላይ ነው ያቆመው። ጎበዝ ግን ነው።”

አሥራ ሁለተኛ ሲጨርስ ይምጣ አልኩ። ወይዘሮ ጥሩዬ ከጎረቤት ድስታቸውን አስመልሰው የተረፈውን በግ አሞቁና ሁላችንም ከአንድ ገበታ በላን። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሄዱ። ምርቃቱ ለማን እንደነበር፣ ለሙሽሪት ይሁን ለተማሪት፣ አልለየም። ማንም ይለይ አላለም።

ሰኞ

በእግሬ ነው የተመለስኩት፤ ቄስ ባዬ በሬና በቅሏቸውን ይዘው ማሳ ነበሩ። ብርቄና ማስተዋል እስከ ባጃጁ ሸኙኝ። አቶ ሞላ አንድ ጆንያ ድንች ተሸክመው ከኋላ መጡ። እንቢ ማለት አልቻልኩም፤ ባጃጁም እንቢ ማለት አልቻለም። ቀበሌ ደርሰን አባትና እናት በሕይወት መኖራቸውን የሚገልጽ አዲስ ደብዳቤ ጠየቅን። ሊቀ መንበሩ ደነገጡ። “አንዴ በማህተም የሞተን ሰው ማንሣት የእኔ ሥልጣን አይደለም” አሉ። ኋላ ላይ “የቀድሞው ደብዳቤ በስሕተት የተጻፈ ነው” በምትል አንዲት መስመር ተስማማን።

ደብረ ታቦር ካፖርቱን ለወይዘሮ አዛለች ባል መለስኩ። ባልየው ወስዶ ወዲያው ለበሰው። ድንቹን ግማሹን ለእነሱ ሰጠሁ፤ ቀሪው ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ሚዛን ላይ ከሻንጣዬ በልጦ ተገኘና ልብሴን በፌስታል ይዤ ድንቹን በሻንጣ አሳፈርኩት።

አዳማ ላይ ማኅበሩ ተሰበሰበ። አቶ ግርማ ቅጹን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ አየው። በሬ የሚለው ላይ አምስት ተሰርዟል፣ ባዶ ተሰርዟል፣ አንድ ተጽፏል። በግ የሚለው ላይ “ተበላ” ይላል። ወላጆች የሚለው ላይ “ሞተው ነበር” ይላል። “ሮማን፣ ይሄ ምንድን ነው?” አለኝ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩት። ዕንባውን እየጠረገ ፈረመ። ማስተዋል በዚያው ወር ዩኒቨርሲቲ ገባች።

ዝናብ ሊጥል ሲል፣ እርሻ በሚታረስበት ወር፣ አቶ ሞላ ደወሉልኝ። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ያፏጫል፤ መስመር የሚገኘው ከማሳው አናት ላይ ብቻ ነው።

“መምህርት፣ ልጅቱ ደውላ አፈራችን ኮምጣጣ ነው አለችኝ። ኖራ ይበተንበት አለች።”

“እርስዎስ ምን አሉ?”

“ቀመስሁታ!”

“አፈሩን?”

“አዎን። አይኮመጥጥም። ጥሩዬንም አቀመስኋት፤ አይኮመጥጥም አለች። ቄስ ባዬም ቀመሱ፤ እሳቸው ትንሽ ጨው ጨው ይላል አሉ።”

“ታዲያ ተዉት?”

“ምኑን?”

“ኖራውን።”

“ኧረ እየበተንሁ ነው!” አሉ፤ ድምፃቸው ከነፋሱ በላይ ወጣ። “እሷ ኮምጣጣ ነው ካለች ኮምጣጣ ነዋ።”